በሜጀር የሚዘፈን ሐዘን፦ የካንትሪ የመለያየት ዘፈን እንዴት ይሠራል?

ግጥሙ ጥላው ስለሄደች ሚስት፣ ስለ ባዶ ቤት፣ ስለማይመለስ ፍቅር ያወራል። ኮርዶቹ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ግን ለልደትና ለሠርግ የሚያገለግሉት እነዚያው ሜጀር ኮርዶች ናቸው። ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው ይህ ነው። የምዕራባውያን የሙዚቃ ትምህርት ሜጀር ለደስታ፣ ማይነር ለሐዘን ብሎ ይጀምራል፤ በዚህ ደንብ ብቻ ካንትሪን ለመረዳት የሚሞክር ሰው ሐዘኑ ከየት እንደመጣ ሳያገኘው ይቀራል።

ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነገሩ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። በሜጀሩ የትዝታ ቅኝት፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ፣ የተለየ ፍቅር ሲዜምበት ኖሯል። ብዙ የቆዩ የካንትሪ ዜማዎችም በእነዚሁ አምስት ድምፆች ዙሪያ ይመላለሳሉ። በካሴት ዘመን ኬኒ ሮጀርስ፣ ዶሊ ፓርተንና ጂም ሪቭስ እንግሊዝኛውን አጣርቶ በማይሰማ አድማጭ ዘንድ እንኳ የተወደዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝምድና ይመስለናል።

የካንትሪ ሐዘን መሠረቱ ቁጥብነት ነው። ኮርዱ ረጋ ብሎ ይቀመጣል፣ ግጥሙ የሆነውን ነገር ብቻ ይናገራል። የማልቀስ ፈቃድ የተሰጣቸው ሁለት ናቸው፤ የድምፃዊው ጉሮሮና በብረት ዘንግ የሚጫወቱት ስቲል ጊታር። እነሱም ቢሆኑ በተመደበላቸው ቦታ ብቻ ነው የሚያለቅሱት። ይህን ክፍል በክፍል እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥንቱ

የዘፈኑ አጥንት ሦስት ኮርድ ነው፤ የስኬሉ (የድምፆቹ ተራ) 1ኛ፣ 4ኛና 5ኛ። በጂ ቁልፍ፣ ማለትም የዘፈኑ መነሻ ድምፅ ጂ ሲሆን፣ ጂ፣ ሲ እና ዲ ይሆናሉ። የካንትሪ ማዕከል በሆነችው በናሽቪል የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ኮርዱን በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ይጽፉታል። ይህን አጻጻፍ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረው የጆርዳኔርስ የድምፅ ቡድን አባል የነበረው ኒል ማቲውስ ነው፤ ቻርሊ ማኮይና ሌሎች የስቱዲዮ ሰዎች አስፋፉት። ጥቅሙ ቀላል ነው። ድምፃዊው «ዛሬ ቁልፉ ከብዶኛል፣ ዝቅ ይደረግልኝ» ካለ ወረቀቱ ሳይቀየር ሁሉም በአዲሱ ቁልፍ ይጫወታል።

ከሦስቱ ኮርዶች 5ኛው ጥያቄ ነው፤ ጆሮ ወደ 1 መመለሱን ይጠብቃል። ጥሩ ደራሲ የዘፈኑን ርዕስ ወይም የሚጎዳውን ቃል የሚያኖረው እዚህ መመለሻ ላይ ነው። ሙዚቃው «ቤት ገባ» ሲል ቃሉ «ቤቱ ባዶ ነው» ይላል፤ ሐዘኑ ከዚህ ግጭት ይወለዳል። ማይነር ኮርድ ከገባ አብዛኛውን ጊዜ 6ኛው ነው፣ አንድ ስንኝ ላይ ጥላ ጥሎ ያልፋል። በየስንኙ ከተደጋገመ አድማጩ ሐዘኑን አስቀድሞ ይጠብቀዋል፤ የተጠበቀ ሐዘን ደግሞ ጉልበት የለውም። በእርግጥ ከዳር እስከ ዳር በማይነር የተሠራ ዝነኛ ዘፈን አለ፤ የዶሊ ፓርተን የ1973ቱ «ጆሊን»። እዚያ ውስጥ ግን ያለው የማጣት ፍርሃትና ልመና ነው፤ ሴትየዋ ባሏን ገና አላጣችም።

ምቱ ወይ ባለ አራት ነው ወይ ባለ ሦስት፣ ማለትም ዋልዝ። ሦስቱ ምት ሁለት ሰው ተቃቅፎ የሚዞርበት የዳንስ ምት በመሆኑ ብቻውን ስለቀረ ሰው ሲዘፈንበት የጎደለው ሰው ራሱ ምቱ ውስጥ ይሰማል። ፍጥነቱ በባለ አራቱ በደቂቃ ከ60 እስከ 80 ምት ቢሆን ጥሩ ነው። ጀማሪ ባንድ «የሐዘን ነው» ብሎ ከዚህ በታች ሲጎትተው ድምፃዊው አንድን ስንኝ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ያቅተዋል፤ ቃሉ መሐል ላይ ይቆረጣል፤ ታሪኩም አብሮ ይቆረጣል።

የዘፈኑ ርዝመት ወደ 3 ደቂቃ መሆኑም ከሸክላ የመጣ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ደራሲዎቹ አንድን ትዳር በ3 ደቂቃ ጀምሮ መጨረስ ነበረባቸው፤ ትርፍ ቃል የሚባል ነገር ያልቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ግጥሙ፦ ስሜትን ሳይጠሩ ማሳየት

ሃንክ ዊልያምስ በነሐሴ 1949 ሲንሲናቲ ውስጥ የቀዳው «አይም ሶ ሎንሰም አይ ኩድ ክራይ» ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መማሪያ ነው። መጀመሪያ የወጣው በሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር። አዝማች የለውም፤ አራት ቤት (የግጥም ክፍል) ብቻ፣ በሦስት ምት። የሚዘረዝረው በሌሊት የምትጮኽ ወፍ፣ የእኩለ ሌሊት ባቡር፣ ደመና ውስጥ የገባች ጨረቃ፣ የሚረግፍ ቅጠል፣ የሚወድቅ ኮከብ ነው። ከሦስት ቤት በላይ ስናዳምጥ ይህ ሰው ማንን እንዳጣ አናውቅም። የሄደችው ሴት ብቅ የምትለው ከመጨረሻው ስንኝ በፊት ባለው ስንኝ ላይ፣ የት እንዳለች ሲያስብ ብቻ ነው። ስሟ የለም፣ ጥፋቷ የለም፣ የተለያዩበት ምክንያት የለም። ያ ሁሉ ወፍና ባቡር ስለ እሷ እንደነበር ወደ ኋላ ተመልሰን የምንረዳው ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ስንኝ «ትተሽኝ ሄድሽ» ብሎ ቢጀምር ኖሮ የቀረው ሁሉ ጌጥ ይሆን ነበር።

ሌላው መንገድ ዕቃና ሥራ መጥራት ነው። ኬኒ ሮጀርስ በ1977 ያወጣው «ሉሲል»፣ ሮጀር ቦውሊንግና ሃል ባይነም የጻፉት፣ ተራኪው ቶሊዶ ከተማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ መጠጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቀለበቷን ያወለቀች ሴት ሲያይ ይጀምራል። ባሏ ይመጣል፤ እጁ በሥራ የሻከረ ግዙፍ ሰው። ይደባደባል ስንል ይንቀጠቀጣል። የሚናገረውም ስለ ልቡ አይደለም። አራት የተራቡ ልጆችና ያልተሰበሰበ ሰብል ማሳ ላይ እንዳሉ ይነግራታል። ሰብል ደርሶ ሰው ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ማንኛውም የገበሬ ልጅ ይህን ስንኝ ለመረዳት የፍቅር ቃል አያስፈልገውም። አዝማቹ በሙሉ የባልየው ንግግር ነው፤ ተራኪው በራሱ አንደበት አይፈርድም። በኋላ ከሴትየዋ ጋር ሆቴል ሲገባ የባሏ ቃል እየመጣበት ሊያቅፋት ያቅተዋል።

(በነገራችን ላይ ኬኒ ሮጀርስ ከዊሊ ኔልሰን ጋር በጥር 1985 ለኢትዮጵያ ረሃብ እርዳታ በተቀዳው «ዊ አር ዘ ወርልድ» ላይ ከዘፈኑት አንዱ ነው።)

ሰሙና ወርቁ

የካንትሪ ርዕስ ሁለት ትርጉም እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚመረጠው፤ ለእኛ ሰምና ወርቅ ስለምናውቅ ይህ ቶሎ ይገባናል። ዘፈኑ ሲጀምር ሰሙን ያሳያል፣ በመሐል ወርቁ ይገለጣል፣ አዝማቹ ሲመለስ ቃሉ ሳይቀየር ትርጉሙ ይቀየራል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ጆርጅ ጆንስ በ1980 ያወጣው «ሂ ስቶፕድ ላቪንግ ኸር ቱዴይ» ነው። ደራሲዎቹ ቦቢ ብራዶክና ከርሊ ፑትማን፣ ፕሮዲዩሰሩ ቢሊ ሼሪል ናቸው። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሰውየው «እስክሞት እወድሻለሁ» አላት፤ እሷ ጊዜ ያስረሳሃል አለችው። ዓመታት ሄዱ። ፎቶዋ ግድግዳው ላይ፣ በ1962 የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች አልጋው አጠገብ ናቸው፤ «እወድሃለሁ» ያለችበት ቦታ ሁሉ በቀይ ተሰምሮበታል። ተራኪው ዛሬ ሊያየው ሄደ፤ ሰውየው እንባ የለውም፤ ሊሄድ ለብሷል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ፈገግ ብሏል። ከዚያ አዝማቹ «ዛሬ እሷን መውደድ አቆመ» ይላል። ሰሙ ረሳት ነው። ቀጥሎ የሐዘን አበባ በሩ ላይ እንደተሰቀለ ስንሰማ ወርቁ ይወጣል፤ ሞቷል። እስክሞት ያለውን ቃል ጠበቀ።

አሠራሩን ልብ ብሎ ላየ ሰው «ሞተ» የሚል ቃል የትም አልገባም። የ1962ቱ ቀን ለምን ተነገረ? ሰውየው ስንት ዓመት እንደጠበቀ አድማጩ ራሱ እንዲቆጥር። ፈገግታው ለምን ቀድሞ መጣ? ድኗል ብለን እንድንታለል። ከዚያ ወዲያ ዜማ ይቋረጥና ጆንስ በንግግር ሴትየዋ ለመጨረሻ ጊዜ ልታየው እንደመጣች ይነግረናል። ዘፈኑ በዚህ ጊዜ ነው ጣሪያው የሚደርሰው፤ ድምፅ ከፍ በማድረግ ሳይሆን መዝፈን በማቆም። ጆንስ ራሱ በጣም ያዘነ ዘፈን ነው፣ ማንም አይገዛውም ብሎ ነበር፤ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ግን በ1980ም በ1981ም የዓመቱ ዘፈን አድርጎ መረጠው። ጆንስና ዘፋኟ ታሚ ዋይኔት በ1969 ተጋብተው በ1975 የተፋቱ መሆናቸውን አድማጩ ያውቅ ስለነበር፣ እሱ ባይጽፈውም የራሱ ታሪክ አድርጎ የሰማው ብዙ ነው።

በዚህ ዓይነት ዘፈን የተለመደው ጥፋት ወርቁን አስቀድሞ ማፍሰስ ነው። መግቢያው ላይ የቀብር ደወል የመሰለ ድምፅ ያስገባ አቀናባሪ ሁለት ደቂቃ ሙሉ የተደበቀውን ነገር በአራት ሰከንድ አባከነው።

ሲቃው

አሁን ወደ ድምፅ እንምጣ። ካንትሪ ዘፋኝ ሲዘፍን ድምፁ ለቅጽበት ተሰብሮ ሲመለስ የምንሰማው ሲቃ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ዘፋኙ ከደረት ድምፅ ወደ ቀጭኑ የራስ ድምፅ በድንገት ይዘላል፣ ወዲያው ይመለሳል። ይህን ዝላይ ሲያረዝሙትና ሲደጋግሙት ዮደል ይሆናል። ጂሚ ሮጀርስ በ1927 ብሪስቶል፣ ቴነሲ ውስጥ በፕሮዲዩሰሩ በራልፍ ፒር አማካይነት ከተቀዳ በኋላ ብሉዝን ከዮደል ጋር አጋብቶ ዝነኛ ሆነ፤ በ1933 በሳንባ ነቀርሳ በ35 ዓመቱ ሞተ። ሃንክ ዊልያምስ የሩቅ ተማሪው ነው፤ በአካል ያስተማረው ደግሞ ሩፈስ ፔይን የተባለ አላባማ ውስጥ የሚጫወት ጥቁር የጎዳና ሙዚቀኛ ነበር። በካንትሪ ሐዘን ውስጥ የጥቁሮች ብሉዝ ምን ያህል እንዳለ ሳይጠቅሱ ስለዚህ ሙዚቃ መናገር ፍትሐዊ አይሆንም።

ሲቃውን ለመለማመድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የራሱን መስበሪያ ማግኘት አለበት። «አ» እያሉ ከታች ወደ ላይ ድምፅን ሲያንሸራትቱ አንድ ቦታ ላይ ሳይፈልጉት ይሰበራል፤ ያ ነው። ከዚያ ቁልፉ የሚመረጠው የዘፈኑ ዋና ቃል እዚያ መስበሪያ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ነው። ዘፈኑ ከድምፃዊው መስበሪያ በታች ከተቀመጠ ሲቃው በግድ የተሠራ ይመስላል፤ ከበላዩ ከሆነ ጩኸት ይሆናል። መጠኑስ? በአንድ ቤት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት። በየቃሉ የሚሰበር ዘፋኝ አድማጩ እንዲያለቅስ ቦታ አይተውለትም። በእውነት ማልቀስም አይረዳም፤ ጉሮሮ ሲያብጥ ድምፅ ከቃናው ይወርዳል፣ ቃሉም ይዋጣል።

ፓትሲ ክላይን ዊሊ ኔልሰን የጻፈውን «ክሬዚ» በ1961 ስትቀዳ ሌላ ችግር ገጠማት። በሰኔ ከደረሰባት ከባድ የመኪና አደጋ ገና አላገገመችም ነበር፤ በተጎዳው ጎድኗ ምክንያት ከፍተኛውን ድምፅ መያዝ አቃታት። ፕሮዲዩሰሩ ኦወን ብራድሌይ ሙዚቃውን ብቻ ቀድቶ እሷ ሲሻላት ተመልሳ ድምፁን አስገባች። ቅጂውን ስታዳምጡ የምትሰሙት ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ የሚቀር አዘፋፈን ነው፤ ለመናገር የከበዳት ያህል ቃሉን ታዘገየዋለች፣ ግን ከቃናው ቅንጣት አትወጣም። ፍሎይድ ክሬመር በፒያኖ ክፍተቱን ብቻ ይሞላል። ዘፈኑ በፖፕ ሰንጠረዥ 9ኛ ደረጃ ደርሷል።

የሚያለቅሰው መሣሪያ

ፔዳል ስቲል ጊታር በጭን ሳይሆን በእግሮቹ ቆሞ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ብዙውን ጊዜ ባለ 10 ክር መሣሪያ ነው። አባቱ የሃዋይ ጊታር ነው፤ በ1915 ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ከተደረገው ትልቅ ኤግዚቢሽን በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተስፋፋ። ግራ እጅ ክብ የብረት ዘንግ በክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ላይ በተጠለቀ መምቻ ይመታል፤ ግራ እግር ፔዳሎቹን ይረግጣል፤ ጉልበቶች ማንሻዎችን ይገፋሉ፤ ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል።

የለቅሶው ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የኢ9 ቅኝት ክፍት ክሮቹ ላይ የኢ ኮርድ አለ፤ ኢ፣ ጂ ሻርፕ እና ቢ። የመጀመሪያው ፔዳል ቢን በአንድ ሙሉ ድምፅ ወደ ሲ ሻርፕ ይስባል። ሁለተኛው ጂ ሻርፕን በግማሽ ድምፅ ወደ ኤ ይስባል። ኢ ግን አይነቃነቅም። ሁለቱ ፔዳሎች አንድ ላይ ሲረገጡ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ 1ኛው ኮርድ ወደ 4ኛው ተቀየረ። አንድ ድምፅ ቆሞ ሲጠብቅ ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ፤ ጆሮ ይህን የሰው እንጉርጉሮ አድርጎ ይሰማዋል። ይህን ስበት በታዋቂ ሸክላ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሰማው ባድ አይዛክስ ነው፤ በ1954 ገናና በሆነው በዌብ ፒርስ «ስሎውሊ»። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ለምሳሌ የሃንክ ዊልያምስ ስቲል ተጫዋች ዶን ሄልምስ፣ ያለ ፔዳል በዘንግ ብቻ ነበር የሚያስለቅሱት።

ኪቦርድ ላይ ያለው የስቲል ድምፅ ለምን አያሳምንም ለሚል ሰው መልሱ ይኸው ነው። የኪቦርዱ ማጠፊያ መንኮራኩር የተጫኑትን ድምፆች በሙሉ እኩል ያንሸራትታል፤ የሚቆም ድምፅ ስለሌለ ለቅሶው ይጠፋል። በተራ ጊታር ይሻላል። 1ኛውና 2ኛው ክር ሳይነቃነቁ 3ኛውን በአንድ ሙሉ ድምፅ በጣት መሳብና ሦስቱንም አብሮ ማስጮህ። ሲስቡ ቃናው ትንሽ እንኳ ካነሰ ኮርዱ ስለሚበላሽ፣ መድረሻውን ድምፅ አስቀድሞ በመምታት ጆሮን ማለማመድ ያስፈልጋል።

ስቲሉ መቼ ይናገር? ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ። ከቃሉ ሥር ገብቶ ካለቀሰ ሁለት አልቃሽ በአንድ ጊዜ ስለሚሆን ማንም አይሰማም። የናሽቪል ሙዚቀኞች ክፍተቱን ይከፋፈላሉ፤ የመጀመሪያውን ቤት ፒያኖ፣ አዝማቹን ስቲል፣ ሁለተኛውን ቤት ፊድል (ቫዮሊን) ይይዛል፤ ተራው ያልሆነ እጁን ይሰበስባል።

ለምን መለያየት በዛበት?

የቀደሙት ዘፈኖች ስለ እናት፣ ስለ ተውት ቤትና ስለ ሞት ያዘነብሉ ነበር። አሜሪካ የአልኮል ክልከላዋን በ1933 ስታነሣ በቴክሳስና በአካባቢው በሠራተኞች የሚሞሉ መጠጥ ቤቶች፣ ሆንኪ ቶንክ የሚባሉት፣ በረከቱ። ወንዱም ሴቱም ከቤተሰብ ርቆ፣ ደመወዝ ይዞ እዚያ ሲገናኝ የዘፈኑ ርዕስ ክህደትና ፍቺ ሆነ፤ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ በሚያጫውተው ጁክቦክስና በጫጫታው ላይ ለመሰማት ጊታሩ ኤሌክትሪክ ሆነ።

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛ ተደርጋ የምትዘፈነው ሴት ነበረች። በ1952 ኪቲ ዌልስ ለአንድ እንዲህ ላለ የወንድ ዘፈን መልስ ዘፈነች፤ ሴቶቹን እዚያ ያደረሳቸው የባሎች ክህደት ነው አለች። ኤንቢሲ ሬዲዮ ከለከለው፤ ሕዝቡ ግን ገዛው፤ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 1ኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ብቸኛ ድምፃዊ ሆነች። ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶች ሐዘኑን ከራሳቸው ወገን መናገር ቻሉ። ታሚ ዋይኔት በ1968 የዘፈነችው «ዲ-አይ-ቪ-ኦ-አር-ሲ-ኢ» ላይ እናት የ4 ዓመት ልጇ እንዳይገባው «ፍቺ» የሚለውን ቃል በፊደል እየቆጠረች ትናገራለች፤ ደራሲዎቹ ከ12 ዓመት በኋላ ለጆንስ የጻፉት እነዚያው ብራዶክና ፑትማን ናቸው።

ዶሊ ፓርተን በ1974 ያወጣችው «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» ደግሞ የምትሄደዋ ራሷ የምትሰናበትበት ነው፤ ከፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ስትለይ ጻፈችው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ዊትኒ ሂውስተን በ1992 የዘፈነችውን ነው፤ ሁለቱን አከታትሎ ማዳመጥ ይጠቅማል። በዊትኒ ቅጂ መጨረሻው አዝማች ላይ ቁልፉ ከፍ ይላል፣ ድምፁ ይፈነዳል፤ ታላቅ አዘፋፈን ነው። ዶሊ ግን ከመጨረሻው አዝማች በፊት ባለው ቤት ላይ ዜማውን ትታ መልካም ምኞቷን በንግግር ትናገራለች። ቃሉ አንድ ነው፤ የካንትሪው መንገድ የትኛው እንደሆነ ግን ወዲያው ይለያል።

በአማርኛ እንዲህ ያለ ዘፈን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከርዕሱ ይጀምር፤ ሰምም ወርቅም የሚይዝ፣ ከአራት ከአምስት ቃል ያልበለጠ። ቀጥሎ የሄደው ሰው የተወው አንድ ዕቃ ይፈለግ፤ ዘፈኑ ውስጥ ከዚያ በላይ ስሜትን የሚያስረዳ ቃል ባይገባ ይመረጣል። ወርቁ ከዘፈኑ ግማሽ በኋላ ይቀመጥ። ቁልፉን ድምፃዊው በመስበሪያው ይምረጥ። ከዚያ በአንድ ጊታርና በድምፅ ብቻ ተቀድቶ ይደመጥ፤ አድማጩ የሚሰናከልበት ስንኝ ካለ ይቆረጥ እንጂ በሙዚቃ አይሸፈን። ስቲሉ ወይም ፊድሉ የሚጨመረው ይህ ካለቀ በኋላ ነው፤ እሱም በየስንኙ መጨረሻ ባለው ክፍተት ላይ ብቻ።